የሮማ ወታደር ኑሮ፦ ያስቀና ነበር?

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት ክርክራችን ይኸውላችሁ። ባለፈው ቢኒ «በሮማ ዘመን የደሃ ልጅ ብሆን ኖሮ ነገ ጠዋት ወታደር ቤት እቀጠር ነበር» ብሎ ጻፈ። ግማሻችሁ ሳቃችሁ፣ ግማሻችሁ ተናደዳችሁ። እንግዲህ በወጉ እንነጋገርበት። ከአውግስጦስ ቄሣር ጀምሮ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት፣ መሬት ለሌለው ወጣት ውትድርና የተሻለ ኑሮ ነበር ወይስ አልነበረም? ጦርነቶቹ ፍትሐዊ ነበሩ ወይ የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ስድብ የለም። «ፊልም ላይ አይቻለሁ» የሚል ማስረጃም አይሠራም።

ቢኒ፦
ከቃሌ ንቅንቅ የለም። ቁጥሩን እዩት። በአውግስጦስ ዘመን የሌጌዎን (የሮማ ትልቁ የጦር ክፍል) ተራ ወታደር በዓመት 225 ዲናር ነበር የሚያገኘው። በዓመት ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጠዋል። በኋላ ቄሣር ዶሚጥያኖስ ወደ 300 አሳደገው። ዝናብ ቢጠፋ፣ አንበጣ ቢመጣ ደመወዙ ደመወዝ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት አገልግሎ በሰላም ሲሰናበት ደግሞ 3,000 ዲናር ይቆጠርለታል። ከ13 ዓመት ደመወዝ በላይ ማለት ነው! አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ6 ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የጦር ግምጃ ቤት አቋቁሟል። ገንዘቡም በከፊል ከ5 በመቶ የውርስ ግብር ነበር የሚመጣው። ሀብታሞቹ በዚህ ግብር አኩርፈው ነበር፣ አውግስጦስ ግን አልተመለሰም። እስቲ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መቋቋሚያ የሚጠብቅ ሌላ ደሃ አምጡልኝ።

ማሂ (ከጂዳ)፦
ዲናር ስትሉ የኩዌቱ መስሎኝ ክው አልኩ እኮ 😂

ሰናይት፦
ቢኒዬ፣ 225 ብለህ ፎከርክ። እጁ ላይ የሚቀረውን ግን አልነገርከንም። ሙት ባሕር አጠገብ ማሳዳ የሚባል አምባ አለ። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ከበው የያዙት ነው። እዚያ በተገኘ የፓፒረስ ቁራጭ ላይ የአንድ ወታደር የደመወዝ ሒሳብ ተጽፏል። ሰውየው ጋይዮስ መሲዮስ ይባላል፣ የቤሩት ልጅ ነው። የደረሰው 50 ዲናር። ወጪው እንዲህ ይላል፦ ለገብስ 16፣ ለምግብ 20፣ ለጫማ 5፣ ለጠፍር 2፣ ለበፍታ ቀሚስ 7። ደምረው።

ቢኒ፦
50።

ሰናይት፦
አዎ፣ ልክ 50። ቤሳ አልተረፈችውም። ጦሩ በቀኝ እጁ ሰጥቶ በግራ እጁ ተቀበለው። ሰይፍ ተሸክሞ በዚያ በረሃ እየተንቃቃ ያተረፈው አንድ ጫማና አንድ ቀሚስ ነው።

ቢኒ፦
ጎሽ፣ እኔን ነው የደገፍሽው! በላ፣ ለበሰ፣ ተጫማ። ገብሱም ለፈረሱ ነው ይባላል። ደግሞ ያ የአንድ ጊዜ ክፍያ ወረቀት ነው እንጂ የዕድሜ ልክ ሒሳብ አይደለም። እኔም ወሩ ሳይጋመስ ኪሴ ሙልጭ ይላል። ማንም ግን ሲሰናበት 3,000 ዲናር ይሰጥሃል አላለኝም።

ዲያቆኑ፦
ስለ ዲናር ካነሳችሁ ማቴዎስ 20 ትዝ ይበላችሁ። የወይኑ አትክልት ባለቤት ሠራተኞቹን «በቀን አንድ ዲናር» ተስማምቶ ነው ያሰማራው። ምሳሌ ነው፣ ግን ሰሚው ሕዝብ የሚያውቀው ሒሳብ ባይሆን ኖሮ ምሳሌ አይሆንም። አሁን ወታደሩን እንይ። የ225 ዲናሩን ለ365 ቀን ስታካፍለው በቀን 10 አስ ገደማ ነው። አስ ማለት ትንሿ ሳንቲም ናት፣ 16ቱ አንድ ዲናር ይሞላሉ። ስለዚህ የቀን ሠራተኛው ከቄሣር ወታደር በልጦ ያድር ነበር ማለት ነው። ቢኒ፣ ዱላና ቀስት የሌለበት የወይን ለቀማ አይሻልህም?

ማሂ (ከጂዳ)፦
ዲያቆን፣ ያንኑ ምዕራፍ ወረድ ብለህ አንብበው። በአሥራ አንደኛው ሰዓት ቆመው የተገኙት ሰዎች «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» አይደል ያሉት? ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ገና አደባባይ ላይ ቆመዋል። የቀን ሥራ ማለት እሱ ነው። ዛሬ አንድ ዲናር፣ ነገ ምንም፣ ከነገ ወዲያም ምንም። እኔ በስደት ያየሁትም ይኸው ነው። ሰው ትንሽም ብትሆን ቋሚ ደመወዝ ነው የሚመርጠው።

ዲያቆኑ፦
በገዛ መጽሐፌ ረታሽኝ። ይሁን።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ታወራላችሁ። ወታደር ቤት የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አለቃው ማነው?» ብሎ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «የመቶ አለቃ» የሚባለው ሰውዬ በዚያ ዘመን የሚያዘው መቶ ሳይሆን 80 ሰው ነበር። አንድ ድንኳን ውስጥ 8 ሰው፣ 10 ድንኳን። በእጁ የወይን ዱላ ይይዛል፣ የሥልጣኑ ምልክት ናት። ሉኪልዮስ የሚባል አንዱን ወታደሮቹ «ሌላ አምጡ» ብለው ስም አውጥተውለት ነበር። ዱላውን የሰው ጀርባ ላይ ሰብሮ «ሌላ አምጡ!» እያለ ይጮህ ስለነበር ነው።

እ.ኤ.አ. በ14 አውግስጦስ ሲሞት በዳኑብ ወንዝ በኩል በፓኖንያ የነበሩት ሦስት ሌጌዎኖች አመፁ። ያን ሉኪልዮስን ገደሉት። ጥያቄያቸው ምን ነበር? ከፈረቃ ሥራና ከዱላ ለመዳን ለመቶ አለቃ የምንከፍለው ጉቦ ይቅር። በቀን 10 አስ ሳይሆን አንድ ሙሉ ዲናር ይሰጠን። በ16 ዓመት እንሰናበት። ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገለ ሰው ነበር መካከላቸው። መሬት ተሰጣችሁ የተባሉትም ረግረግና ቋጥኝ ነው የደረሳቸው።

ራይን ወንዝ ላይ የነበሩት ደግሞ የባሰ አደረጉ። አዛዡ ጀርማኒኩስ ሊያነጋግራቸው ሲመጣ አንዳንዶቹ እጁን የሚስሙ መስለው ያዙት። ከዚያ ጣቱን አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ድዳቸውን እንዲዳስስ ነው። ጥርስ የላቸውም! እዚያ ቦታ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ፣ ጓሮ ትንሽ ተቀመጥኩ። እኔም ጫማ አልቆ በሸራ እግሬን ጠቅልዬ የሄድኩበት ጊዜ ነበር።

ቢኒ፦
ጋሼ፣ ይቺ ከበደችኝ። ጥያቄያቸው ግን ተሰማላቸው አይደል?

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦
ተሰማና ተሻረ። አዲሱ ቄሣር ጤባርዮስ በዓመቱ የ16 ዓመቱን ነገር ሰረዘው።

አወያይ፦
ጋሽ ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ነገር ልጨምር ይፍቀዱልኝ። ይህን ሁሉ የነገረን የሮማ ታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ ነው። እሱ ደግሞ የሴናተር ወገን ነው፣ ከነገሩ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው የጻፈው። የአመፁን ቀስቃሽ ፔርኬኒዮስን «የቲያትር ቤት አጨብጫቢ» እያለ ያንቋሽሸዋል። ንግግሩንም ቃል በቃል ሰምቶ አይደለም ያሰፈረው። በዚያ ላይ ለጠላው ሰው እንዲህ ያለ ጠንካራ አቤቱታ አፉ ላይ ማስቀመጡ ይገርመኛል።

ቢኒ፦
እንግዲህ እኔም ከራሳቸው ከወታደሮቹ ጽሑፍ ላምጣ። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ቪንዶላንዳ የሚባል ምሽግ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ስስ የእንጨት ገበታ ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች እየወጡበት ነው። እ.ኤ.አ. 100 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የተጻፉ ናቸው። ምን ይላሉ መሰላችሁ? አንዱ ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማና ሁለት የውስጥ ሱሪ ተልኮልሃል ይላል። ማስክሉስ የሚባል የፈረሰኛ አለቃ ደግሞ ለአዛዡ «ጓዶቼ ቢራ የላቸውም፣ እባክህ እንዲላክልን እዘዝ» ብሎ ጽፏል። ይህ ሰው በጭቆና እየማቀቀ ነው? ቢራ አለቀብኝ ብሎ ለአዛዡ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እኮ ነው!

የሰው ኃይል ሪፖርትም አለ። የቱንግሪያኖች (ከዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ የሆነ ሕዝብ) አንደኛ ክፍል ጠቅላላ 752 ሰው። ከነዚህ ምሽጉ ውስጥ የተገኙት 296 ብቻ ናቸው፣ የቀሩት ሌላ ሌላ ቦታ ተልከዋል። 15 ታማሚ፣ 6 ቁስለኛ፣ 10 ዓይናቸውን ያመማቸው። ዓይኑን ያመመው ሰው ተቆጥሮ ተመዝግቦ ከሥራ ይቀራል። የትኛው የመንደር ገበሬ ነው ዓይኔን አመመኝ ብሎ ከእርሻ የሚቀረው?

ሰናይት፦
ከ752 ሰው 456ቱ ከምሽጉ ውጭ መሆናቸውን ዝም ብለህ አለፍከው። ወታደር ከተማ ለከተማ፣ ድልድይ ለድልድይ፣ ጥበቃ ለጥበቃ የሚበተን ሰው ነው።

የኔ ትልቁ ነጥብ ግን ሌላ ነው። ወታደር ማግባት አይፈቀድለትም ነበር። ከአውግስጦስ ጀምሮ እስከ ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ድረስ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 197 ገደማ። ሁለት መቶ ዓመት! እርግጥ ሰዎቹ ሴት አላጡም። ምሽጉ አጠገብ ባለው መንደር ቤት ሠርተው ልጅ ወልደዋል። በሕግ ግን ሚስት አይደለችም፣ ልጁም የአባቱ ልጅ አይደለም። ሰውየው ሳይናዘዝ ከሞተ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ይቀሩ ነበር። ቄሣር ሐድርያኖስ በ119 ለግብፅ አገረ ገዥ ደብዳቤ ጽፎ ነው እነዚህ ልጆች ውርስ መጠየቅ የቻሉት።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ከዚያው ከቪንዶላንዳ የወጣች ሌላ ደብዳቤ ናት። ክላውድያ ሴቬራ የምትባል ሴት ጓደኛዋን ሱልፒኪያ ሌፒዲናን ለልደቷ ትጋብዛለች። ደስ የምትል ደብዳቤ ናት። ሁለቱም የአዛዥ ሚስቶች ናቸው። አዛዡ ሚስቱን ምሽጉ ውስጥ ያኖራል፣ ልደት ያከብራል። ተራው ወታደር የልጁን እናት «ሚስቴ» ማለት አይችልም። ለማን ነው የሚያስቀናው?

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦
ሰናይት ልጄ፣ ይባርክሽ። ይህን ወንድ ሁሉ ረስቶታል።

ቢኒ፦
እሺ፣ ይቺ ነጥብ ተመዘገበች። ግን የረዳት ጦሩን አትርሱ። ሮማዊ ዜግነት የሌለው ሰው፣ ቱንግሪያው፣ ሶርያው፣ ትራክያው 25 ዓመት አገልግሎ ሲወጣ ዜግነት ያገኛል። ከሴቲቱ ጋር ያለው ጋብቻም ሕጋዊ ይሆንለታል። ነሐስ ላይ ተቀርጾ ይሰጠዋል፣ ብዙዎቹ ሰነዶች እስከ ዛሬ አሉ። ወረቀት ፍለጋ ባሕር የሚያቋርጥ ሰው ባለበት ዘመን ይህን ማስረዳት አይከብደኝም።

ማሂ (ከጂዳ)፦
እሱስ እውነት። ወረቀት የሌለው ሰው ብቻ ነው የወረቀትን ዋጋ የሚያውቀው። ግን 25 ዓመት!

ስለ ባሕር ካነሳህ፣ ፋራሳን ደሴቶችን የሚያውቅ አለ? ከጂዛን ፊት ለፊት ቀይ ባሕር ውስጥ ናቸው። እዚያ የላቲን ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ተገኝቷል። ከግብፅ የመጣ የሁለተኛው ትራያና ሌጌዎን ቡድን እ.ኤ.አ. በ144 ገደማ እዚያ ሰፍሮ ነበር። እኔ ጂዛን አንድ ክረምት ሠርቻለሁ። ሙቀቱ ከነማቀዝቀዣው ነፍስ ያወጣል። እነዚያ ደግሞ ብረት ለብሰው! ቢኒ፣ ካልሲና ቢራ ያልከው የሰሜኑን ነው። የኛን ሰፈር ምደባ ቢያወጡልህስ?

ዲያቆኑ፦
ሁላችሁም ስለ ወታደሩ ብቻ ነው የምታወሩት። ወታደሩ የሰፈረበት ሕዝብስ? «ማንም ሰው አንድ ምዕራፍ ትሄድ ዘንድ ቢያስገድድህ» የሚለው (ምዕራፍ እዚህ የመንገድ ርቀት ነው) ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ወታደር መንገድ ላይ ያገኘውን ገበሬ ዕቃ ማሸከም፣ አህያውንም መንጠቅ ይችል ነበር። መጥምቁ ዮሐንስም ለወታደሮች «ደመወዛችሁ ይብቃችሁ» ያለው በከንቱ አይደለም። ቢኒ የሚቀናበት ኑሮ በሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነው።

አወያይ፦
ዲያቆን፣ እርማት፦ ዮሐንስ ያነጋገራቸው የሄሮድስ ወታደሮች ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ሮማውያን አይደሉም። የአንድ ምዕራፉ ነገር ግን ልክ ነህ።

ዲያቆኑ፦
ተቀብያለሁ። ጥያቄው የማን ወታደር ነው ሳይሆን ማን ተሸከመ ነው።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦
እኔም ለቢኒ አንድ ላካፍለውና ልተኛ። ከግብፅ የተገኘ የሁለተኛው ክፍለ ዘመን ደብዳቤ አለ። አፒዮን የሚባል ወጣት ባሕር ኃይል ተቀጥሮ ጣሊያን ሚሴኑም ሲደርስ ለአባቱ ለኤፒማኮስ የጻፈው ነው። ባሕር ላይ ሊሞት እንደነበርና አምላኩ ሴራፒስ እንዳዳነው ይናገራል። የመንገድ ተብሎ ሦስት የወርቅ ሳንቲም ተሰጠኝ ይላል፣ 75 ዲናር መሆኑ ነው። በደንብ ስላሳደግኸኝ ቶሎ እሾማለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ ይላል። ሥዕሉንም ልኮለታል፣ ልክ እናንተ ፎቶ እንደምትልኩት። መጨረሻ ላይ «ስሜ አንቶኒዮስ ማክሲሞስ ነው» ይላል። አባቱ ያወጣለትን ስም ቀይረውበታል። ልጁ ግን ደስ ብሎታል። እኔ ያነበብኩት እንደ ልጁ ሳይሆን እንደ አባትየው ሆኜ ነው።

ቢኒ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚያደክሙኝ። ሦስት ወርቅ ሲሉ ግን ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽም። እሺ፣ ነገ ጠዋት ያልኩትን ወደ ከሰዓት አዛውሬዋለሁ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦
ሂድ ልጄ። ከመሄድህ በፊት ግን ጥርስህን ቁጠር።