4294967297 ለሌላ ቁጥር ይካፈላል? እባካችሁ እርዱኝ

ጠያቂ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። መምህራችን 4294967297 ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ያለ ቀሪ የማይካፈል፣ ፕራይም) መሆን አለመሆኑን በምክንያት አስረዱ ብለው የቤት ሥራ ሰጡን። ለ3፣ ለ7፣ ለ11 እያልኩ እስከ 97 ደረስኩ፤ ሁሉም ቀሪ አላቸው። ስኩዌር ሩቱ 65536 ገደማ ነው። እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 6542 ስለሆኑ በእጅ የሚሞከር አይደለም። በሲ ፕሮግራም ብጽፍም ቁጥሩን አትም ስለው 1 ብሎ ያትማል። ምን አጥፍቼ ነው?

ፕሮግራመር፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ልክ ነው፤ የጠበበው ማስቀመጫው ነው። "ኢንት" 32 ቢት ብቻ ስለሚይዝ ያንቺ ቁጥር ሞልቶ ይፈስና 1 ብቻ ይተርፋል። "ሎንግ ሎንግ" ብለሽ ቀይሪው።

ጡረታ የወጣ መምህር፦
ልጄ፣ ቁጥሩን በደንብ እይው፤ 2³² + 1 ነው። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ አርቢውን 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ በእጥፍ ሲያሳድግ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 ብቸኛ ሆነው ስላገኛቸው፣ በ1640 እ.ኤ.አ. ሁሉም እንደዚያ ናቸው ብሎ ገመተ። ቀጣዩ ይኸው ያንቺ ቁጥር ነው። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. ግምቱን አፈረሰው።

ሁሉንም መሞከር አያስፈልግሽም። ፒ የተባለ ብቸኛ ቁጥር ያለ ቀሪ ካካፈለው፣ 2³² ለፒ ሲካፈል ቀሪው −1 ነው ማለት ነው። ስለዚህ የ2⁶⁴ ቀሪ 1 ይሆናል፤ ከ64 ባነሰ አርቢ ግን 1 አይመጣም። በፌርማ ትንሹ ቴዎረም መሠረት ደግሞ 2 በፒ − 1 አርቢ ሲነሣ ለፒ ቀሪው 1 ነው፤ ስለዚህ ፒ − 1 የ64 ብዜት መሆን አለበት። እንግዲህ 65፣ 129፣ 193 እያልሽ ውጪ፤ ብቸኛ ያልሆኑትን ስትጥያቸው 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ይቀሩሻል። አራቱ ቀሪ አላቸው። አምስተኛው ግን፦ 641 × 6700417።

ጠያቂ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አምስት ሙከራ ብቻ! ግን 6700417 ራሱ ሌላ አካፋይ ቢኖረውስ?

ሌላ አባል፦
ከዚያ በፊት ይህችን ሳላሳይሽ አላልፍም፤ በጣም ስለምወዳት ነው። 641 = 5 × 2⁷ + 1፣ ደግሞም 641 = 5⁴ + 2⁴። ለ641 ስናካፍል 5 × 2⁷ ቀሪው −1 ነው፤ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 5⁴ × 2²⁸ ቀሪው 1 ይሆናል። በ5⁴ ቦታ −2⁴ን አስገቢ፤ የ−2³² ቀሪ 1 ይሆናል። ስለዚህ 2³² + 1 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ረጅሙን ማካፈል ሳትነኪ አለቀ።

ጡረታ የወጣ መምህር፦
ጥሩ ጠየቅሽ። የ6700417 አካፋይ ሁሉ የትልቁም አካፋይ ነው። የሒሳብ ሊቁ ሉካስ በኋላ እንዳሳየው ደግሞ አካፋዮቹ የ128 ብዜት ሲደመር 1 ናቸው። ስኩዌር ሩቱ 2588 ገደማ ስለሆነ የሚሞከሩት 257፣ 641፣ 769፣ 1153 እና 1409 ብቻ ናቸው።

ጠያቂ፦
አሁን ሠራኋቸው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334፣ 622 ወጡልኝ። ልክ ናቸው?

ጡረታ የወጣ መምህር፦
ሁሉም ልክ ናቸው። 6700417 ብቸኛ ነው። ቀሪዎቹንም ደብተርሽ ላይ አስፍሪያቸው።