የሃይሉክስ ቱርቦ የውሃ ጎማ እያፈሰሰ ነው፣ እቤት መቀየር ይቻላል?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ሃይሉክስ 3.0 ዲ ፎር ዲ ነው የምነዳው፣ ያቺ ኮፈኗ ላይ አፍ ያላት። ሰሞኑን ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) እየጎደለ አስቸግሮኛል፣ ማታ ግቢ ሳስገባት ከኮፈኑ ስር ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ ይመጣል፣ ከአጋሮ ስመለስማ ሞተሩን ሳጠፋ ትንሽ ነጭ ጭስ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በባትሪ መብራት አጎንብሼ ሳይ ወደ ቱርቦው (ለሞተሩ አየር የሚገፋው) የሚገቡት አጫጭር ጎማዎች ጫፋቸው ላይ ሮዝ ነገር ደርቆ ተጋግሯል፣ አንደኛውን በጣቴ ስጫነው እንደ ከረመ ዳቦ ይሰነጣጠቃል። እዚህ ጅማ አንድ ጋራዥ ወስጃት "ቱርቦው ሳይወርድ አይሆንም" ብለው የጠሩልኝን ዋጋ ስሰማ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። አንድ የማውቀው ሾፌር ደግሞ ሁለቱን መስመር በቱቦ አገናኝና ቱርቦውን ውሃ ከልክለው፣ ዘይት ይበቃዋል አለኝ። ቡና ደርሶ መኪና ማቆም እንደማይቻል ታውቃላችሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ፣ ጎማውስ ምን ዓይነት ልግዛ?

ዲዝል ብቻ፦
ቱርቦ ማውረድ አያስፈልገውም ወንድሜ። ላይ ያለውን ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) አንሳ፣ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮው ከከለከለህ እሱንም ፍታ፣ እጅህ ይገባል። ግን ኢንተርኩለሩን እንዳነሳህ ወዲያው ክፍት የቀሩትን የአየር አፎች በንጹህ ጨርቅ ድፈን፣ አንዲት ዳዶ ወደ ቱርቦው ከገባች ያኔ እውነትም ይወርዳል። ማታ አቁመህ ጠዋት ጀምር፣ ሞቆ እያለ የራዲያተር ክዳን እንዳትነካ። ከራዲያተሩ ስር ትንሽ ቀንስና በንጹህ ሳህን ተቀበለው፣ ደግሞ ሜዳ ላይ አትተወው፣ ስለሚጣፍጥ ውሻ ይልሰዋል፣ ይገድለዋል።

ቆርጦ ቀጥል፦
ምን አስጨነቃችሁ፣ ከላማዳሪያ ቀደህ ጠበቅ አድርገህ ጠቅልልበት፣ እኔ እንደዛ አድርጌ አዲስ አበባ ደርሻለሁ።

አስተማሪዋ፦
ከላማዳሪያው መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ወደ ከተማ መግቢያ ይሁን፣ ቱርቦ አጠገብ ግን ሙቀቱ አይምረውም። የሾፌሩ ምክር ነው ይበልጥ ያሳሰበኝ። አውቶሞቲቭ ስለማስተምር ተማሪዎቼም ይሄንኑ ይጠይቁኛል። ሞተሩ ሲሰራ ዘይቱ የቱርቦውን ዘንግ ያለሰልሳል፣ ሙቀትም ይወስዳል፣ እውነት ነው። ሞተሩን ስታጠፋው ግን የዘይት ፓምፑም አብሮ ይቆማል፣ የጭስ ማውጫው በኩል ያለው ብረት ገና እንደጋለ ነው፣ ያ ሙቀት ወደ መሀል ይመጣና እዚያ የቀረውን ዘይት ያሳርረዋል። ውሃው የተሰራው ለዚች ሰዓት ነው፣ ፓምፑ ቆሞም የሞቀው ወደ ላይ እየወጣ የቀዘቀዘው እየተተካ ሙቀቱን ይወስዳል። ስለዚህ መስመሩን ዘግተህ የምትነዳ ከሆነ የጎማ ዋጋ አትርፈህ ቱርቦ ልትገዛ ነው።

ሌላው ደግሞ ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። መኪናው ውስጥ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝና ኩላንቱ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ስለሚያደርገው ነው። የሚያፈስ ጎማ ካለ ግፊቱ አይያዝም፣ አንተም የጎደለውን በቧንቧ ውሃ እየሞላህ ከሆነ ኩላንቱ ቀጥኗል፣ በዚህ ሁኔታ ጭነት ይዘህ የጊቤን ዳገት ብትወጣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ነው የምትፈርደው። ጎማውን ስትቀይር ክዳኑንም እየው፣ ላስቲኩ ከደረቀ ቀይረው፣ ስትገዛም ላዩ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን።

የሶማሌ ተራ ደንበኛ፦
ስለ ጎማው ልንገርህ። የነዳጅ ጎማ "ያው ነው" ብለው ይሸጡልሃል፣ ያው አይደለም፣ ለኩላንትና ለዚያ ሙቀት አልተሰራም። ኢፒዲኤም የተባለውን የውሃ ጎማ ጠይቅ። ልኩን ደግሞ ከአሮጌው ጎማ አትውሰድ፣ አብጦ ሰፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ጎማው የሚገባበትን የብረት ቱቦ ውፍረት ለካ። ከሁሉም የሚሻለው በመኪናው ቅርጽ ተጣሞ የተሰራው ነው፣ ቀጥ ያለ ሜትር ጎማ ቆርጠህ እዚያ ጠባብ ቦታ ስታጥፈው መሀሉ ይጨማደድና ውሃው አያልፍም። እዚያው ጅማ ካጣህ የሻንሲ ቁጥሩንና የአሮጌውን ፎቶ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ላክለትና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ያስፈልግልህ፣ በአውቶቡስ ይደርስሃል። ሁለቱንም ነው የምትገዛው ታዲያ፣ እኩል አርጅተዋል።

ዲዝል ብቻ፦
ልክ ነው። የቀረውን ልጨምር፣ አንድ በአንድ ቀይር፣ ሁለቱን ባንዴ ነቅለህ የቱ የየት እንደነበር እንዳይጠፋህ፣ ፎቶም አንሳ። ማሰሪያው የስፕሪንግ ከሆነ በፒንሳ ጨብጠህ ወደ ኋላ ግፋው፣ ካልዛገ መልሰህ እሱኑ ተጠቀም፣ ጎማው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ አብሮት ይሰፋል ይጠባል። በካቻቢቴ የሚጠብቀውን ካደረግክ በኃይል አታጥብቀው፣ ጎማውን ይበላዋል። አሁን ዋናው ነገር፣ አሮጌው ጎማ ተጣብቆ እምቢ ሲል በፒንሳ ይዘህ እንዳትጠመዝዘው፣ የብረት ቱቦው ቀጭን ነው ይታጠፋል። በምላጭ ርዝመቱን ተከትለህ ሰንጥቀውና ላጠው፣ ምላጩ ብረቱን እንዳይጭረው ቀስ በል። ከዛ ብረቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ጠረግ። አዲሱን ስታስገባ ዘይትም ግራሶም አትቀባ፣ ላስቲኩን ያበላሸዋል፣ ኩላንቱን ራሱን ቀባው ይገባል። ማሰሪያው ከብረቱ ጉብታ አልፎ መቀመጥ አለበት፣ ጉብታው ላይ ከሆነ ያፈሳል።

አባ ቦርቶ፦
ልጄ፣ ሰው ሁሉ ጎማውን ቀይሮ የሚቃጠለው አየር ማውጣት ላይ ነው። አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገህ አቁማት፣ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ወደ ሙቅ አድርግ፣ ሳትቸኩል ሙላ፣ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳትና ነዳጅ ሳትሰጣት በሚኒሞ ትሥራ። እየወረደ ሲሄድ ጨምር፣ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጨመቅ ጨመቅ እያደረግክ፣ ፊትህን ግን ከክዳኑ አፍ አርቅ። ጎማው እስኪሞቅና ማሞቂያው የማይቆራረጥ ሙቅ አየር እስኪሰጥህ ድረስ ነው። የሙቀት መለኪያው እየወጣ ማሞቂያው ቀዝቃዛ ከነፋ ውስጡ አየር አለ፣ አጥፋትና ስትቀዘቅዝ ድገመው። ለመሙያ የባትሪ ውሃ ስትገዛ ዲስቲልድ የሚለውን ነው፣ አሲዱን እንዳይሰጡህ። ሮዙ ኩላንት ላይ አረንጓዴ አትደባልቅ፣ ጀሪካኑ ላይ ተበርዞ የተዘጋጀ ይሁን ያልተበረዘ አንብብ፣ የተበረዘው ላይ ውሃ አይጨመርም።

የቆጪ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጎማዎቹ ከአዲስ አበባ መጡልኝ፣ ገጠምኳቸው። ታችኛው እንደተባለው ተጣብቆ አስለፋኝ፣ በምላጭ ነው የወጣው፣ ብረቱ ላይ ትንሽ ዝገት ነበር ግን አልተበላም። አሁን ቱርቦው ጋ ደረቅ ነው፣ ሽታውም የለም። አንድ ነገር ብቻ፣ ጠዋት ሳየው የማጠራቀሚያው ልክ ትንሽ ወርዷል። ያስፈራል?

አስተማሪዋ፦
የተደበቀ አየር ሲወጣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይወርዳል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እስከ መስመሩ ሙላና ጠዋት ጠዋት እየው፣ ከቆመ ጨርሰሃል። ሳይቆም ከቀጠለና ውጪ ላይ ምንም እርጥበት ካላየህ ግን በግፊት መሞከሪያ ይፈተሽ፣ ያኔ የቴስታታ ጓርኒሲዮንም (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። ከዳገት ስትመጣ ደግሞ ወዲያው አታጥፋት፣ ትንሽ በሚኒሞ ትተንፍስ።

ቆርጦ ቀጥል፦
የኔም እኮ ያንተው ዓይነት ናት፣ የሻጩን ስልክ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ከላማዳሪያው ማንጠባጠብ ጀምሯል 😂