«የወይን እርሻ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ንባብ ወዳድ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ እንግሊዟ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የተተረጎመ ረቂቅ እያረምኩ ነው። እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ፦ «ንግሥቲቱ ለባለሟሏ ለኤሴክስ መስፍን የጣፋጭ ወይን እርሻ ሰጠችው፤ እ.ኤ.አ. በ1600 ግን እርሻውን ስላላደሰችለት ከሰረ።» እርሻ እንዴት ነው የሚታደሰው? ሰውየው ደግሞ የጦር አዛዥ እንጂ ገበሬ አይደለም። በ«እርሻ» ቦታ ምን ልበል?

ኬላ ጠባቂ፦
ተርጓሚው «ፋርም» የሚለውን አየና ማረሻ ታየው። እዚያ ላይ ነገሩ ቀረጥ ነው። ከሜዲትራኒያን አካባቢ ወደ እንግሊዝ የሚገባ ጣፋጭ ወይን ይቀረጣል። ኤሴክስ ለዘውዱ በዓመት የተቆረጠ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከነጋዴው የሚሰበሰበው ከዚያ ከበለጠ ትርፉ የራሱ ነው። ከ1590 ጀምሮ የኖረው በዚህ ነው፣ ዕዳው ሲቆለልም ተስፋው ይኸው ነበር። በ1600 የሚካኤል ዕለት ውሉ አለቀ፣ ንግሥቲቱም አላደስኩም አለች። በፌብሩዋሪ 1601 ለንደን ላይ ሊያምፅ ሞከረ፣ ሰው አልተከተለውም፣ በዚያው ወር በ25 አንገቱ ተቀላ። በነገራችን ላይ መስፍን አይደለም፣ ኧርል ነው። መስፍን ከኧርል ይበልጣል።

ዘዋሸራ፦
የትኛው ሚካኤል? የኅዳሩ ነው የሰኔው?

ኬላ ጠባቂ፦
የፈረንጆቹ፣ ሴፕቴምበር 29። እዚያ ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ነው።

ዘዋሸራ፦
እሺ። እኔን የገረመኝ ግን እርሻው ሳይሆን «ባለሟል» ነው። ስንቶቻችሁ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ባለ እና መዋል ነው። ከንጉሥ ጋር የሚውል ማለት ነው። ግእዙ ውዕለ ነው። መዋል ሲጨመቅ ሟል ሆነ። አለቀ።

የአራዳ ሰዋስው፦
አላለቀም የኔታ። ከመሐላ ነው። ለንጉሡ የማለ፣ ባለ መሐላ። ቤተ መንግሥት ሳይምሉ መግባት አለ እንዴ?

ዘዋሸራ፦
ልጄ፣ መሐላ ቢሆን ኖሮ ባለማላ እንል ነበር። ያቺ «ሟ» ላይ ያለችው ው ከየት መጣች? ሐ ው ሆና አታውቅም። አንድ ዓመት ቅኔ ቤት ቢቀመጡ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም።

የአራዳ ሰዋስው፦
ቅኔ ቤት ያልገባ መጻፍ ክልክል ነው የሚል ሕግ ወጣ እንዴ? 😄

ኬላ ጠባቂ፦
በዚህስ የኔታን እደግፋለሁ፣ ታሪኩም ይመሰክራል። ኤሴክስ በ1599 አየርላንድ ዘምቶ፣ ሳይፈቀድለት ተመልሶ፣ ንግሥቲቱ ገና ፀጉሯን ሳትሠራ መኝታ ክፍሏ ድረስ ገባባት። ከዚያ በቁም እስር ዋለ፣ ቆይቶ ቢፈታም ቤተ መንግሥት እንዳይደርስ ተከለከለ። የወይኑ ውል ያልታደሰለትም በዚያ ጊዜ ነው። መዋል ቀረ፣ ባለሟልነትም ቀረ።

የአራዳ ሰዋስው፦
መሐላውንም እኮ አፍርሷል!

ንባብ ወዳድ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁና፣ «የወይን ሞኖፖሊ» ብለውስ?

ኬላ ጠባቂ፦
አይሆንም። ሞኖፖሊ ዕቃውን ብቻህን የመሥራት ወይም የመሸጥ መብት ነው። እሱም ነበር፤ በጨው፣ በስታርች፣ በመጫወቻ ካርታ ላይ ሳይቀር። በ1601 ፓርላማው ተቆጣ። የሞኖፖሊው ዝርዝር ሲነበብ አንዱ አባል ተነሥቶ ዳቦስ የለበትም ወይ አለ። ንግሥቲቱም ብዙ ሳትግደረደር ብዙዎቹን እንደምትሽር አሳወቀች፣ ኖቬምበር 30 ላይ አባላቱን ጠርታ በንግግር አባበለቻቸው። ኤሴክስ ግን ወይን አልሸጠም፣ የሸጡት ነጋዴዎች ናቸው። እሱ የያዘው ቀረጡን ነው።

የአራዳ ሰዋስው፦
ፋርም ከላቲን ፊርማ ነው፣ የተቆረጠ ክፍያ ማለት ነበር። እኛ ከጣሊያን የወሰድነው ፊርማ የዚሁ ዘመድ ነው። ስለዚህ «ፈርሞ ያዘ» ይበል፣ ዘር ከዘሩ ይገናኝ።

ዘዋሸራ፦
ፊርማን ለጣሊያን ሰጠኸው? ፈረመ፣ ይፈርማል፣ ፈራሚ፣ አስፈረመ እያለ የሚረባ ግስ ባዕድ ነው?

የአራዳ ሰዋስው፦
ቦተለከም ይረባል የኔታ። ፖለቲካም የአባቶቻችን ነው በሉና።

ዝምተኛው፦
😂😂 ሁለት ዓመት አንብቤ ሳልጽፍ ቆይቼ ይህ አስወጣኝ። ለጠያቂው ግን «ነጋድራስነት ሾመችው» ቢባልስ? ኬላውንም ቀረጡንም ይዟል።

ዘዋሸራ፦
ነጋድራስ የነጋዶች ራስ ነው። ያ ጎበዝ ነጋዴ ነው? ራስ የሚለው ቃል ደግሞ እንዲህ አይበተንም። የዚያች ሴት አባት ሄንሪ ስምንተኛም በ1534 የቤተ ክርስቲያን ራስ ነኝ ብሎ ሕግ አውጥቷል። ኤፌሶን 5፡23 ራስ ማን እንደሆነ ተጽፏል።

ኬላ ጠባቂ፦
እሷ ግን ያንን ቃል ትታዋለች። በ1559 ሕጉ ሲታደስ ራስ ቀርቶ የበላይ ገዢ ተባለች። ሴት የቤተ ክርስቲያን ራስ መባሏን ካቶሊኩም ጥብቁ ፕሮቴስታንትም አልወደደውም። ሥልጣኑ ያው ነው፣ ስሙ ብቻ ለሰስ አለ።

ዘዋሸራ፦
ገዢ አይባልም፣ መጋቢ ነው የሚባለው። መገበ ማለት አስተዳደረም መገበም ነው። መጋቤ ሐዲስ፣ መጋቤ ምሥጢር እንላለን አይደል?

ዝምተኛው፦
መጋቢ ካልናትማ እሑድ ጠዋት መድረክ ላይ ቆማ የምትሰብክ ትመስላለች።

ዘዋሸራ፦
ገዢ ብትልስ? የቤተ ክርስቲያን ገዢ ሲባል ሸማች ነው የሚመስለኝ።

የአራዳ ሰዋስው፦
ሻጩማ አባቷ ነው! ከ1536 እስከ 1540 ገዳማቱን ዘግቶ መሬታቸውን ቸበቸበው እኮ።

ዘዋሸራ፦
እሱን ተውና ከመሐላ ነው ላልከው ማስረጃህን አምጣ። እየጠበቅኩ ነው።