አንድሮሜዳን በየትኛው ትርጉም ላንብባት?

ሰላም ወገኖች፤ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። ላቲን አልችልም። የጥንቱን ሮማዊ ገጣሚ የኦቪድን «ሜታሞርፎሲስ» የተሰኘ ረጅም ግጥም በእንግሊዝኛ ልጨርሰው ብዬ ተነስቼ አራተኛው መጽሐፍ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። የኢትዮጵያው ንጉሥ የሴፌውስ ልጅ አንድሮሜዳ ባሕር ዳር ካለ አለት ጋር የታሰረችበት ቦታ ነው። (የያኔዋ «ኢትዮጵያ» የዛሬዋ ካርታ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ግን ስሟን ሳይ ልቤ ዘለለ፤ ምን ላድርግ?)

መጀመሪያ የያዝኩት የአርተር ጎልዲንግን የ1567 ትርጉም ነው። ሼክስፒር የተጠቀመበት ስለሆነ ጓጓሁ። ግን እያንዳንዱ ስንኝ 14 ቀለም ነው፤ ቤት ለመምታት ሲል ይንዛዛል። ፊደሉም ያደክማል። ከዚያ ወደ ጆርጅ ሳንዲስ የ1626 ትርጉም ዞርኩ። ስንኙ 10 ቀለም ብቻ! እሱ ደግሞ በጣም ከመታመቁ የተነሳ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋኛል። ላቲኑ እኮ ቤት እንኳ አይመታም።

ዋናው ጭንቄ ግን ይኸውላችሁ። ነፋሱ ፀጉሯን ባያወዛውዘው፣ እንባዋም ባይፈስ ኖሮ የሚያድናት ጀግና ፐርሴውስ የእብነ በረድ ሐውልት ናት ብሎ ያስብ ነበር ይላል። እብነ በረድ የተባለችው ድርቅ ብላ ስለቆመች ነው ወይስ ነጭ ናት ለማለት? ኦቪድ ራሱ ስለ ፍቅር ጥበብ በጻፈው ግጥም ነጭ ልብስ ለጠይም ሴት ያምራል ብሎ ምሳሌ ያደረገው እሷን ነው።

ላቲን የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የቻርልስ ማርቲንን የ2004 ወይም የስቴፋኒ ማካርተርን የ2022 ትርጉም ያነበባችሁስ? ይህችን ቦታ እንዴት ገጠሟት? ሁለቱንም ለመግዛት ኪሴ አይፈቅድም፤ አንዱን ምረጡልኝ።