እድር ልግባ ወይስ ብቻዬን ልኑር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከቤተሰብ ወጥቼ እዚሁ ሀዋሳ ኮንዶሚኒየም ተከራይቻለሁ። የራሴ ቤት፣ የራሴ ሰዓት አለኝ፤ እውነቴን ነው ደስ ይላል። ግን ጎረቤቶቼ እድር ግቢ፣ ቡና ነይ፣ ማኅበር አለ ይሉኛል። እነ እማዬ ደግሞ በየሳምንቱ የዘመድ ሰርግ ወይ ለቅሶ ይጠሩኛል፣ ከቀረሁ ኩርፊያ ነው። ስሄድ ድክም ይለኛል፣ ስቀር ማታ ማታ ይጨንቀኛል። ለጤናዬ የሚሻለኝ የቱ ነው?

የፒያሳው፦ እህቴ፣ እድሩን ግቢ። አባቴ ያረፈ ጊዜ ድንኳን የተከለው፣ ወንበር ያመጣው፣ አብሮኝ ያደረው የእድሩ ሰው ነው። ስልኬ ላይ ያሉት ጓደኞቼ ግን አብዛኞቹ «ያጽናህ» ብለው ጽፈው አለፉ።

ሐይቅ ዳር፦ እኔ አልስማማም። ድብርት ይዞኝ ሳለ «ሰው ምን ይላል» ተብሎ ሐኪም ቤት እንዳልሄድ ተከልክያለሁ፣ የከለከሉኝም የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ሀዋሳ ስመጣ ማንም አያውቀኝም ነበር። ፍቅር ሐይቅ ብቻዬን መቀመጥ፣ ማን አየኝ ሳይሉ ሕክምና መጀመር፣ ያዳነኝ እሱ ነው። ብቻውን መሆን የፈለገን ሰው ኩሩ አትበሉት።

ሳይኮሎጂ የተማርኩ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትንተና 148 ጥናቶችን፣ ከ300,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ግን የተጠራሽበት ሁሉ ሂጂ ማለት አይደለም። ዱርኬም የሚባለው ፈረንሳዊ የማኅበረሰብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1897 ራስን ስለ ማጥፋት ሲጽፍ፣ ከሰው ጋር ያለው ትስስር ሲላላም ከመጠን በላይ ሲጠብቅም አደጋ እንዳለው አሳይቷል።

አንቺን የሚያደክምሽ ሰው መብዛቱ አይመስለኝም፤ ጥያቄው ማለቂያ ማጣቱ ነው። እድር እኮ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ወርሃዊ መዋጮው ይታወቃል፣ ለቅሶ ብትቀሪ መቀጮው ይታወቃል፣ ከፈልሽ አለቀ፣ ማንም አያኮርፍሽም። የዘመድ ጥሪ ግን ደንብ የለውም፣ ልኩን ማበጀት ያለብሽ አንቺ ነሽ።

ጠያቂ፦ ይሄ ገባኝ። እድሩን እገባለሁ። እማዬን ግን ምን ልበላት? ቀረሁ ስላት የጠላኋት ይመስላታል።

የፒያሳው፦ በስልክ አትንገሪያት። አንድ ቀን አንቺ ጋ ጥሪያት፣ ቡናውን አንቺ አፍዪላት፣ ኑሮሽን ትየው። ከዚያ ለቅሶ አልቀርም፣ ሰርጉን ግን የቅርብ ዘመድ ሲሆን ብቻ ነው የምመጣው በያት። መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ጠብቂያት።