አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የት ይቀራል?

ካርታ_ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዋሽን በሳተላይት ካርታ ለመከተል ለሚሞክር ሰው ሦስት ነገር ግራ ያጋባል። አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ግን ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ለምን አይዘልቅም? ከገዋኔ በላይስ መስመሩ ለምን ይጠፋል? ቆቃ ግድብ እያለስ ዱብቲና አሳይታ በነሐሴ ለምን በጎርፍ ይጥለቀለቃሉ?

ስምጥ_ሸለቆ፦
አቤ ከባሕር ጠለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከባሕሩ ዝቅ ብሎ አይደለም የቀረው። የአፋር መሬት እየተሰነጠቀ የሚሰጥም ስለሆነ ሐይቁ ያለው ዙሪያውን ከፍ ባለ የባዛልት ድንጋይ በታጠረ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ሞልቶ ካልፈሰሰ መውጫ የለውም፤ እንዳይሞላ ደግሞ ፀሐይዋ አለች። በታችኛው አዋሽ በዓመት ሊተን የሚችለው ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ዝናቡ 200 እንኳ አይሞላም። የመስኖ እርሻውም ከላይ ይጠጣዋል፤ ሐይቁ ከድሮው ብዙ ሸሽቷል።

ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ይቀራል። ከአቤ በፊት ያሉት ገመሪና አፋምቦ ሐይቆች ጨዋማ ያልሆኑት ውሃ ተቀብለው ስለሚያሳልፉ ነው።

በቾ_ሜዳ፦
አካሄዱን በቅደም ተከተል ያዘው። ከጊንጪ አካባቢ ካለው ከፍታ ይነሳል፣ በቾ ሜዳ ላይ ይዘረጋል (በክረምት ሜዳው ሐይቅ ይመስላል)፣ መልካ ቁንጥሬን አልፎ ቆቃ ይገባል። ከዚያ ወንጂ፣ መልካሳ፣ መተሐራ፣ ፏፏቴው፣ የአዋሽ ከተማ ገደል። እዚህ ጋ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ወደ ምሥራቅ ድሬዳዋ የሚሄድ እየመሰለው ነው። ቀጥሎ አሚባራ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ተንዳሆ፣ ዱብቲ፣ አሳይታ። በጠቅላላው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መስመሩ የሚጠፋብህ ገደባሳ ረግረግ ላይ ነው። ወንዙ አንድ አልጋ ይዞ አይሄድም፤ ይበተናል፣ ደለሉን ይጥላል፣ ብዙ ውሃም እዚያው ይተናል። የበጋ ምስል ክፈትና ከገዋኔ በታች ያለውን ግልጽ አልጋ ፈልገህ ወደ ኋላ ተከተለው።

ደለል፦
ስለ ጎርፉ፣ ቆቃ የሚያግደው የላይኛውን ውሃ ብቻ ነው። የተፋሰሱ ስፋት ከ110,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ወደ ቆቃ የሚፈሰው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። ቦርከና፣ ሚሌና ሎጊያ ከወሎ ደጋ ወርደው የሚገቡት ከቆቃ እጅግ በታች ነው። የክረምቱ ዝናብ ወሎ ላይ ሲበረታ ቆቃ በሩን ቢዘጋም እነሱን አያስቆማቸውም። ተንዳሆ ግድብ የተወሰነውን ይይዛል፤ ግን ታች መሬቱ ረባዳ ነው፣ ወንዙም በየዓመቱ ደለል እየጣለ አልጋውን ከፍ ስለሚያደርግ ዳሩን ሰብሮ ይወጣል።

ቆቃ ራሱም ሲሠራ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዝ ነበር፤ ደለሉ ብዙውን በልቶበታል።

ካርታ_ወዳድ፦
አመሰግናለሁ። መተሐራ አጠገብ ያለው ትልቅ ሐይቅስ የአዋሽ አካል ነው?

ደለል፦
በሰቃ ነው፤ ለብቻው ያለ ሐይቅ ነው። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ አሁን ከ40 በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማና ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው። መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን እንዳይውጥ በቦይ ወደ አዋሽ ይለቀቃል፤ መጠኑ ካልተመጠነ ጨዉ ከታች ላለው መስኖ ይተርፋል።