ሞሮኮ ለሁለት ሰው በጀርባ ቦርሳ፦ ቱብካል፣ መርዙጋና ፌዝ በየትኛው ቅደም ተከተል?

ጣና88፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ፓስፖርታችን የኢትዮጵያ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን የጀርመን ነው። መስቀልን አክብረን ለስድስት ሳምንት ሞሮኮን በጀርባ ቦርሳ ለመዞር እየተዘጋጀን ነው። ያሰብነው በታንጀር ገብተን ሸፍሻወንንና ፌዝን አይተን፣ ወደ መርዙጋ በረሃ ወርደን፣ በዋርዛዛት በኩል ማራኬሽ ደርሰን፣ በመጨረሻ ቱብካል ተራራ ወጥተን መመለስ ነው።

ቅደም ተከተሉ ያስኬዳል ወይ? ሁለታችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ስለሆነ ከፍታው ብዙ አያሳስበንም፤ ልክ ነን? ድንኳን፣ ምድጃና ድስት ጨምሮ ቦርሳችን በነፍስ ወከፍ 16 ኪሎ እየመጣ ነው፤ ይበዛል? ደግሞ ረቡዕና አርብ እንጾማለን፣ ባለቤቴ ጽጌንም ትጾማለች። እዚያ የጾም ምግብ እንዴት ይገኛል?

ዳሸን_ማዶ፦

መንገዱን ገልብጡት። በታንጀር ጀምራችሁ ስድስት ሳምንት ከዞራችሁ ቱብካል ሥር የምትደርሱት ኖቬምበር ሲገባ ነው። ያኔ ከ3,000 ሜትር በላይ በረዶ ሊጥል ይችላል፣ ቀኑም አጭር ነው። በረዶ ካለ ክራምፖን (ጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ሹል ብረት) እና የበረዶ መጥረቢያ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ቢኖር እንኳ አጠቃቀሙን የማያውቅ ሰው መውጣት የለበትም። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ያው መንገድ ደረቅ ነው፤ ጥሩ ጫማና ሁለት ምርኩዝ ይበቃዋል። ስለዚህ በማራኬሽ ግቡ፣ ተራራውን አስቀድሙ፣ በረሃውን ሙቀቱ በረድ ሲል በኦክቶበር አጋማሽ ያዙት፣ ሰሜኑን ለመጨረሻ ትታችሁ በታንጀር ውጡ። በፀደይ የሚሄድ ሰው ቢሆን የእናንተን አቅጣጫ እመክረው ነበር፤ በረሃውን በማርች አይቶ፣ ተራራውን በረዶው ሲቀልጥ በሜይ መጨረሻ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቪዛው ነው። የሼንገን መኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው የሚሰጠው የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለ30 ቀን ቆይታ ነው፤ ስድስት ሳምንት አይገባበትም። ስድስቱን ሳምንት የግድ ካላችሁ በቆንስላ በኩል ጠይቁ። በ30ው ቀን ከሆነ ደግሞ 28 አቅዱና ሁለቱን ለመጠባበቂያ ተዉት፤ አውቶቡስ ይቀራል፣ ሆድ ይታመማል።

እኔ ብሆን እንዲህ እከፋፍለዋለሁ፦ ማራኬሽ 3 ቀን፣ ተራራው 5፣ ተመልሶ ማራኬሽ አንድ ቀን ለልብስ አጠባና ለእረፍት፣ አይት ቤንሃዱና ዋርዛዛት 2፣ ቶድራ ሸለቆ 2፣ መርዙጋ 3፣ ፌዝ 5፣ መክነስና የሮማውያኑ ፍርስራሽ ቮሉቢሊስ 2፣ ሸፍሻወን 3፣ ታንጀር 2። ሰው የሚሳሳተው ፌዝ ላይ ነው፤ ሁለት ቀን ይሰጡትና የመጀመሪያውን ቀን መንገድ ሲጠፋባቸው ያሳልፉታል።

መሪ መያዝ ግዴታ ነው። በዲሴምበር 2018 ሁለት ሴት ተጓዦች የቱብካል መነሻ መንደር በሆነችው ኢምሊል አካባቢ ከተገደሉ ወዲህ ፈቃድ ያለው መሪ የሌለው ሰው ወደ ቱብካል አያልፍም። ኬላ ላይ ፓስፖርት ይመዘገባል፤ ዋናውን ያዙ፣ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። መሪው የሚከፈለው በቀን ለቡድን እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም፤ ኢምሊል ውስጥ ሌላ ጥንድ ብታገኙ ወጪው በግማሽ ይወርዳል።

ደጋ_ልጅ፦

ስለ ከፍታው ልክ አይደላችሁም። ይህን ግምት ሐበሻ ዘንድ ደጋግሜ ስለምሰማው ረዘም አድርጌ ልጻፍ። አዲስ አበባ ላይ የተገኘው መላመድ ዝቅ ያለ ቦታ ሲኖሩ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ፍራንክፈርት ደግሞ 100 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው። ሰውነታችሁ የሚቆጥረው ያለፉትን ሳምንታት ብቻ ነው።

ኢምሊል 1,740 ሜትር ነው። መጠለያዎቹ 3,207 ላይ ናቸው። ሁለት ቀን የሚፈጀው የተለመደው ጉዞ በመጀመሪያው ቀን ወደ 1,500 ሜትር ያህል ሽቅብ አስወጥቶ እዚያው ያሳድራችኋል፤ በማግስቱ ሌሊት 960 ሜትር ጨምራችሁ ጫፍ ላይ ትደርሳላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚመከረው የማደሪያን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው። ራስ ምታትና ማስመለስ መጠለያው ውስጥ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚሻለው በአዛደን ሸለቆ መዞር ነው። ኢምሊል አንድ ሌሊት እደሩ። በማግስቱ በቲዚ ምዚክ በር (2,500 ሜትር ገደማ) ተሻግራችሁ ታምሱልት ላይ፣ ከ2,200 በላይ፣ ታድራላችሁ። ሦስተኛው ቀን ከባዱ ነው፤ ከ3,500 ሜትር በላይ ያለውን የአጉልዚም በር አልፋችሁ ወደ መጠለያው ትወርዳላችሁ። ከፍ ብሎ ወጥቶ ዝቅ ብሎ ማደር ማለት ይኸው ነው። አራተኛው ቀን ጫፍ፣ ከዚያ በሲዲ ሻምሃሩሽ በኩል ቁልቁል ኢምሊል። ዳሸን_ማዶ የመደበው 5 ቀን በልኩ ይበቃል።

ለጫፉ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ተነሱ፤ መውጫው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። ዳገቱ ልቅ ጠጠር ነው። አደጋው የሚበዛው ሲወርዱ፣ ጉልበት ሲዝል ነው፤ ምርኩዙን አስረዝሙ፣ እርምጃ አሳጥሩ፣ አንዱ ከሌላው ቀጥታ በታች አይሂድ፤ የተፈነቀለ ድንጋይ የሚያገኘው የታችኛውን ነው።

ምልክቱን እርስ በርስ ተያዩ። ራስ ምታትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ብቻ ከሆነ ከፍ አትበሉ፣ ውኃ ጠጥታችሁ ባላችሁበት እረፉ። ተረከዝን ከጣት ጋር እያጋጠሙ በቀጥታ መስመር መሄድ ካቃተ፣ ወይም ተቀምጠው እያለ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ ነው። የታመመው ሰው «ደህና ነኝ» ማለቱ አይታመንም፤ የሚወስነው ሌላው ይሁን። ዳያሞክስ የተባለውን የከፍታ ሕመም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የተለመደው መከላከያ መጠን 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ተጀምሮ፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካላችሁ ግን አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ።

ቀላል_ስንቅ፦

16 ኪሎ በጣም ይበዛል። ውኃና ምግብ ሳይጨምር ለአንዱ 8፣ ለሌላው 7 ኪሎ ላይ አድርሱት፤ ቦርሳው ከ40 እስከ 45 ሊትር ይበቃል። ድንኳኑን፣ ፍራሹንና ምድጃውን ቤት ተዉ። ተራራው ላይ መጠለያና የመንደር ማደሪያ አለ፣ እራትም ቁርስም ይሰጣል፣ ብርድ ልብስም አለ፤ የሚያስፈልጋችሁ ከብርድ ልብሱ ሥር የሚገባበት ቀጭን የጨርቅ ከረጢትና ብርድ ለማይችል ሰው አንድ ቀለል ያለ ስሊፒንግ ባግ ነው። የጋዝ ጣሳ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ እዚያ በየሱቁ የሚሸጠው ሰማያዊው የሚበሳ ዓይነት ደግሞ ጣሳው ላይ ከሚጠመዘዘው ምድጃ ጋር አይገጥምም።

ሁለት ሰው የመሆን ትልቁ ጥቅም ዕቃ መጋራት ነው፦ አንድ የመድኃኒት ከረጢት፣ አንድ ቻርጀር፣ አንድ የውኃ ማጣሪያ። የማይጋሩት የራስ መብራት፣ ውኃ፣ ፓስፖርትና ለሁለት የተከፈለ ጥሬ ገንዘብ ነው። ማጣሪያው ባለ ቀጭን ቱቦ ከሆነ ከአንድ ጊዜ በኋላ ውስጡ ውኃ ይቀራል፤ መጠለያው ላይ ሌሊት ከቀዘቀዘ ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ምንም ሳይታይ ጀርም ያሳልፋሉ። ይዛችሁት ተኙ። ለመጠባበቂያ የክሎሪን ዳይኦክሳይድ እንክብል ያዙ፤ ከጨመሩ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ውኃው በጣም ከቀዘቀዘ ከዚያም በላይ።

ቦርሳውን ስታስሩ መጀመሪያ ሁሉንም ማሰሪያ አላሉ። የወገቡን ቀበቶ ከሆድ ላይ ሳይሆን ከዳሌ አጥንት አናት ላይ አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ቀጥሎ የትከሻውን ሳቡ፣ ከዚያ ከትከሻ በላይ ያለችውን ትንሿን ማሰሪያ በመጠኑ፣ የደረቱን በመጨረሻ። ትከሻችሁ ከደነዘዘ ክብደቱ ዳሌ ላይ አላረፈም ማለት ነው፤ የትከሻውን አላልታችሁ ከወገብ እንደገና ጀምሩ። ጫማ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት የተለማመዳችሁት ይሁን፣ ቁልቁለት ላይ ጣት እንዳይመታ ግማሽ ቁጥር ሰፋ ያለ። ተረከዝ ሞቅ ማለት ሲጀምር እዚያው ቁጭ ብላችሁ ፕላስተር ለጥፉ፤ ውኃ ከቋጠረ በኋላ ሦስት ቀን ያበላሽባችኋል።

ድሮን ካላችሁ አትውሰዱ፣ አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል።

ጣና88፦

እግዜር ይስጥልን፤ ድንኳኑን ዛሬውኑ አወጣነው። መንገዱንም ገልብጠነዋል። በረሃው ላይ ምን ያህል ውኃ እንያዝ? ከማራኬሽ ወደ መርዙጋስ በምን ይሻላል?

ኤርታሌ_ጥግ፦

መርዙጋ ላይ ከመንደሩ እስከ አሸዋው ካምፕ ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ከባዱ ሙቀቱ ነው። በእግር ለምትሄዱበት ቀን ለአንድ ሰው ከ4 እስከ 6 ሊትር አስቡ፣ እያንዳንዱ ሊትር አንድ ኪሎ መሆኑን ሳትረሱ። ውኃ ብቻ አብዝቶ መጠጣትም ጨውን ያጥባል። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ይህን ሁለታችሁም በቃል ያዙት፣ ለተቅማጥም ይኸው ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አሸዋው ላይ አትሂዱ። ዓይንና አፍ የሚሸፍን ረዥም የጥጥ ሻሽ ከባርኔጣ ይበልጣል። ስልክና ካሜራ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይቀመጡ፤ ኤርግ ሸቢ የሚባለው የመርዙጋ አሸዋ ደቃቅ ስለሆነ የሌንስ ማዞሪያ ውስጥ ገብቶ ያነቀዋል።

ቶድራ ላይና በመንገዱ ሁሉ ደረቅ የወንዝ መውረጃ ውስጥ አትረፉ፣ ዕቃም አታስቀምጡ። ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ጥሎ ጎርፉ ጠራራ ፀሐይ ባለበት ይደርሳል። በሴፕቴምበር 2024 ደቡቡን የመታው ጎርፍ ሰው ገድሏል፣ መንገድም ቆርጧል።

ከማራኬሽ መርዙጋ ድረስ በቀጥታ የሚሄድ የሱፕራቱር አውቶቡስ አለ፣ ግን ሙሉ ቀን ይፈጃል። እናንተ በየመሀሉ ስለምታርፉ ዋርዛዛት፣ ቲንጊር (የቶድራ መውረጃ ከተማ)፣ መርዙጋ ብላችሁ ቆራርጡት። መንገዱ በቲዚ ንቲሽካ በር 2,260 ሜትር ላይ ስለሚያልፍና ስለሚጠማዘዝ መኪና የሚያመው ሰው ፊት ይቀመጥ። አውቶቡስ በሌለበት ግራንድ ታክሲ ያዙ፤ ስድስት ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል፣ መቸኮል ከመጣ የቀሩትን ቦታዎች ዋጋ ከፍላችሁ ወዲያው ትነሳላችሁ። ከመርዙጋ ፌዝ የሌሊት አውቶቡስ አለ፤ ትኬቱን መርዙጋ እንደደረሳችሁ ቁረጡ።

ድርሃም ከአገሩ ውጭ በቀላሉ አይመነዘርም። ኢምሊል ላይ በገንዘብ ማሽን አትተማመኑ፤ የመሪ፣ የበቅሎና የመጠለያውን ክፍያ ከማራኬሽ ጥሬ ይዛችሁ ውጡ። አንድ በቅሎ የሁለታችሁንም ቦርሳ ይሸከማል።

እመ_ጓዳ፦

ለጾሙ አትስጉ። ቢሳራን ፈልጉ፤ የባቄላ ክክ ተቀቅሎ ተልሞ፣ የወይራ ዘይትና ከሙን ፈሶበት በዳቦ የሚበላ ነው፣ ለእኛ ሰው እንደ ሽሮ ፈሰስ ይስማማዋል። ጠዋት ፌዝ ገበያ ውስጥ ከትልቅ ማሰሮ እየተጨለፈ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው። ምስር፣ ነጭ ባቄላና ዛዕሉክ የሚባለው የደበርጃን ቁሌት በየቦታው አለ።

የሚያሳስተው «የአትክልት ታጂን» የሚባለው ነው፤ ብዙ ጊዜ በሥጋ መረቅ ይበስልና አትክልቱ ብቻ ይወጣል። ሐሪራ ሾርባም ብዙውን ጊዜ ሥጋ አለው። የአርብ ኩስኩስ በስመን ማለትም በቅቤ ይታሻል፤ ምስመን የተባለውም ቂጣ እንዲሁ። «ብላ ልሐም፣ ብላ ስመን፣ ብላ ዝብዳ» በሉ፤ ሥጋ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ለጋ ቅቤ የሌለበት ማለት ነው። ተራራው ላይ ለመሪው ከአንድ ቀን በፊት ንገሩት፤ ምግቡ በቅሎ ላይ የሚጫነው ከኢምሊል ነው፣ ከደረሳችሁ በኋላ የሚለወጥ ነገር የለም። ጽጌ ኦክቶበር 6 ስለሚገባ ባለቤትህ አጉልዚምን በጾም ልታልፍ ትችላለች፤ ለውዝና ተምር በብዛት ይያዝላት። በረሃው ላይ ስትደርሱ የመርዙጋ አቅራቢያዋ ከተማ ኤርፉድ የተምር መከር ላይ ስለምትሆን እዚያ ሙሉ።

ሌላ ሰው ያላነሳው ነገር፦ የእኛ ሴቶች የባል ስም ስለማይዙ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ስም ለየቅል ነው። ጋብቻ የሚጠይቅ ማደሪያ ቢገጥማችሁ ክርክር ውስጥ እንዳትገቡ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን የተተረጎመ ቅጂ ስልካችሁ ላይም በወረቀትም ያዙ።

ፌዝ ላይ ባብ ቡጅሉድ ከተባለው የአሮጌው ከተማ በር ሁለት ዋና ቁልቁለቶች ይወርዳሉ፣ ታላዕ ክቢራና ታላዕ ስጊራ። መንገድ ሲጠፋባችሁ ሽቅብ የሚወስደውን ተከተሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ በሩ ያወጣችኋል፤ ግድግዳው ስለሚጠብብ የስልክ ካርታ እዚያ ይሳሳታል። «ባላክ!» የሚል ከኋላ ከሰማችሁ ወደ ግድግዳ ተጠጉ፣ የተጫነ በቅሎ እየመጣ ነው። «መንገዱ ተዘግቷል፣ በዚህ ላሳያችሁ» የሚል ወጣት ካጋጠመ አመስግናችሁ እለፉ። በ859 የተመሠረተው ቀራዊይን መስጊድ ሙስሊም ላልሆነ ሰው ክፍት አይደለም፤ በበሩ በኩል ግቢው ይታያል። የቡ ኢናኒያ መድረሳ ግን ማንም ከፍሎ ይገባል፤ ሰው ሳይበዛ ጠዋት ሂዱ፣ የዝግባ እንጨቱ ቅርጽ በጠዋት ብርሃን ጎልቶ ይታያል።